ቀን የሚተኛ ሰው ጠርዙን ይድፈን

(ለአዳር ፈረቃ ሠራተኞች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

«እንደምን አደራችሁ» ልበል ወይስ «እንደምን ዋላችሁ»? ከመካከላችሁ ገሚሱ ገና አልተኛም። ገሚሱ ደግሞ አሁን መንቃቱ ነው። ሰላምታውን እንደየፈረቃችሁ ውሰዱልኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ መስኮት ነው። ስለ እንቅልፍ ምክር ሞልቷል። ስልክህን አስቀምጥ፣ በሰዓቱ ተኛ፣ አትጨነቅ ይባላል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ግን ማታ ለሚተኛ ሰው ነው። ጠዋት ከሥራ ገብቶ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የሚተኛ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። ለእሱ «በሰዓቱ ተኛ» ማለት ቀልድ ነው።

ብዙዎቻችሁ ወፍራም መጋረጃ እንደሰቀላችሁ አውቃለሁ። ጥሩ ነው። ግን መጋረጃ ሲገዛ ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ ጨርቁ ነው፤ ወፍራም ነው ወይ፣ ጥቁር ነው ወይ እያለ። እኔ ደግሞ ብርሃኑ የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በጠርዙ ነው ባይ ነኝ። ወደ ጠርዙ ከመሄዳችን በፊት ግን ብርሃን ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግረን ትንሽ ላውራ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አልጋ ላይ ስትወድቁ ወዲያው ጭልጥ ትላላችሁ። ቤቱ ቢፈርስ አትሰሙም። ከዚያ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆን ዓይናችሁ ፍጥጥ ይላል። ድካሙ አልወጣም፤ እንቅልፉ ግን ሄዷል። ትገላበጣላችሁ፣ ትራሱን ትገለብጣላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጣችሁ ትነሳላችሁ። ማታ ደግሞ ሥራ አለ።

ይህ የሆነው እንቅልፍን የሚገዙት ነገሮች ሁለት ስለሆኑ ነው። አንደኛው የድካም ጫና ነው። ነቅታችሁ በቆያችሁ ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ስትተኙ ይቀንሳል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ከዓይኖቻችን ጀርባ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች የተሰበሰቡበት ሚጢጢ ቦታ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ብትሠሩም፣ እነዚህ ሴሎች «አሁን ቀን ነው» ብለው ያመኑትን ይዘው ይቀጥላሉ።

ጠዋት ስትገቡ የድካሙ ጫና ከባድ ስለሆነ ሰዓቱን አሸንፎ ያስተኛችኋል። አራት ሰዓት ያህል ከተኛችሁ በኋላ ግን ጫናው ረግቧል። ከዚያ በኋላ ሜዳው የሰዓቱ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ «ተነሱ» ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ የሚሆነው ልክ ፀሐይ በጣም በምትበረታበት ሰዓት ነው። እንቅልፋችሁ በሳሳበት ሰዓት መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ጠዋት ስትተኙ በቂ የመሰለው ጨለማ ቀትር ላይ በቂ የማይሆነው ለዚህ ነው። መጋረጃችሁን ስትፈትሹም ጠዋት ሳይሆን ቀትር ላይ ፈትሹት።

ሰዓቱ በውስጣችን መኖሩ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ዣን ዣክ ደ ሜራን የሚባል ፈረንሳዊ በ1729 ቅጠሏን ቀን የምትዘረጋ፣ ማታ የምታጥፍ ተክል ጨለማ ውስጥ አስገብቶ ተመለከተ። ፀሐይ ሳታይ ቅጠሏን በሰዓቷ መዘርጋትና ማጠፍ ቀጠለች። ይህ ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በዝንብ ላይ ያጠኑት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ በ2017 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። የሰው ሰዓት ታዲያ በአማካይ ከ24 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል። በየቀኑ መስተካከል አለበት ማለት ነው። ዋናው አስተካካይ ብርሃን ነው።

ብርሃኑ ወደ ሰዓቱ የሚደርሰው በዓይን በኩል ነው፤ ግን በምናይባቸው ሴሎች ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት የተማርነው ዓይን ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች እንዳሉት ነበር። በ1998 ኢግናሲዮ ፕሮቬንሲዮና ባልደረቦቹ ሜላኖፕሲን የሚባል ብርሃን የሚይዝ ፕሮቲን በእንቁራሪት ቆዳ ሴሎች ውስጥ አገኙ። የሚገርመው የቆዳው ነገር ነው፤ ያው ፕሮቲን ግን ዓይን ውስጥም አለ። በ2002 ደግሞ ዴቪድ በርሰንና ጓደኞቹ ከዓይን ወደ ሰውነት ሰዓት የሚሄዱ ሴሎች ራሳቸው ብርሃን እንደሚቀበሉ አሳዩ። እነዚህ ሴሎች ምስል ለማየት አይደለም የተቀመጡት። ሥራቸው «ነግቷል ወይስ መሽቷል?» የሚለውን ማሳወቅ ነው። በጣም የሚነኩት በ480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። የጠራ ሰማይ ብርሃን በሉት። ምንም የማያዩ አንዳንድ ዓይነ ስውራን እንኳ እነዚህ ሴሎች ደህና ከሆኑላቸው ሰውነታቸው ቀንና ሌሊቱን ይለያል።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምተኛው፣ ምን ቸገረኝ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ የዓይን ቆብ አብዛኛውን ብርሃን ያስቀራል። ሰማያዊውን ደግሞ ከቀዩ የበለጠ ያስቀራል። ግን ሁሉንም አይደለም። ፀሐይ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ፊታችሁን ቀና አድርጉ፤ ቀይ ብርሃን ይታያችኋል። ያ በቆቡ አልፎ የገባ ብርሃን ነው። ደግሞ ቀን የሚተኛ ሰው እንቅልፉ ቀላል ነው። ይገላበጣል፣ ለአፍታ ዓይኑን ይገልጣል። በዚያች አፍታ ጣሪያው ላይ የደመቀ ብርሃን ካየ አበቃ፤ አንጎሉ «አሃ፣ ቀን ነው» ይላል።

በ2022 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በሌላ በኩል ያሳያል። ወጣቶች ለአንድ ሌሊት 100 ሉክስ በሆነ ብርሃን ውስጥ እንዲተኙ ተደረገ። ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው፤ 100 ሉክስ መካከለኛ የሳሎን መብራት እንደማለት ነው። ሌሊቱን የልባቸው ምት ከፍ ብሎ አደረ፤ ጠዋት ደግሞ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ቀንሶ ተገኘ። እነሱ የተኙት ሌሊት ነው፤ የእኛ ጉዳይ ቀን ነው። ቢሆንም ተኝተን እንኳ ሰውነታችን ብርሃኑን እንደማይረሳው ያሳያል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ1990 ቻርልስ ዛይስለርና ባልደረቦቹ የሠሩት ነው። ለጥናቱ አዳር እንዲሠሩ የተደረጉ ወንዶችን ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ሌሊት በጣም ደማቅ መብራት ሥር ሠራ፤ ከ7,000 እስከ 12,000 ሉክስ። ቤት ሲገቡ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ውስጥ ሆኑ። ሌላው ቡድን በተለመደው መብራት ሠርቶ እንደተለመደው ቤቱ ተኛ። የሰው ሰውነት በጣም የሚቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያው ቡድን ግን ይህ ሰዓት ወደ ቀን 9 ሰዓት ገደማ ዞረለት። ሰውነታቸው «ቀኑ ሌሊት ነው» ብሎ ተቀበለ ማለት ነው። ከሌላው ቡድን ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ብልጫ ያለው እንቅልፍም ተኙ። እዚህ ላይ ሰዎች ሁልጊዜ የሚይዙት ስለ ደማቁ መብራት ነው። እኔ የምይዘው የጥናቱን ሌላኛውን ግማሽ ነው። ጨለማውም የሕክምናው አካል ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ መስኮቱ።

አንድ መስኮት እንውሰድ። ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50። ስፋቱ 1.8 ካሬ ሜትር ይሆናል። ፀሐይ በቀጥታ አታርፍበትም፤ ግን ውጭው ብሩህ ስለሆነ መስታወቱ ላይ 10,000 ሉክስ አለ እንበል። የተጋነነ ቁጥር አይደለም። ቀጥተኛ ፀሐይ እስከ 100,000 ሊደርስ ይችላል። ሉክሱን በስፋቱ ስታባዙት በዚህ መስኮት የሚገባው ብርሃን በጠቅላላ 18,000 ሉመን ይሆናል፤ ሉመን የጠቅላላው ብርሃን መለኪያ ነው። አሁን ከመቶ 99 የሚያግድ መጋረጃ ሰቀላችሁ። በጨርቁ አልፎ የሚገባው 180 ሉመን ነው። ሻጩ ደግሞ «ይሄኛው ከመቶ 99.9 ያግዳል» ብሎ ሌላ በውድ ሸጠላችሁ። አሁን 18 ሉመን ብቻ ቀረ። በጣም ጥሩ።

ግን መጋረጃው ዙሪያውን ከግድግዳው አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ርቋል እንበል። አንድ ብቻ! የመስኮቱ ዙሪያ 540 ሴንቲሜትር ስለሆነ ክፍተቱ 540 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። በዚያ የሚገባው 540 ሉመን ነው። መስታወቱ የሚያስቀረውን ቀንሱለት፣ ወደ 430 ይወርዳል። የድሮውን የ40 ዋት አምፖል ታስታውሳላችሁ? ወደዚያው ነው። ማለትም ውዱን ጨርቅ ሰቅላችሁ፣ ያንን አምፖል አብርታችሁ ነው የምትተኙት። እውነተኛው መጋረጃ ደግሞ አንድ ሴንቲ አይደለም የሚርቀው። ቀለበት ያለው መጋረጃ ዘንጉ ላይ ሲሰቀል ከግድግዳው ከ7 እስከ 10 ሴንቲ መራቁ የተለመደ ነው።

ለዚህ ነው ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠርዙን ተመልከቱ የምለው። ከ99 ወደ 99.9 ለመውጣት የምትከፍሉት ዋጋ 162 ሉመን ይቀንስላችኋል። አንድ ሴንቲ መድፈን ከዚያ እጥፍ በላይ ይቀንሳል። የሚያፈስ ባልዲ አፉን ሸፍነህ ታቹን ብትተወው ምን ዋጋ አለው?

ከጠርዞቹ ሁሉ ክፉው የላይኛው ነው። ሰው የሚያየው ጎንና ጎኑን ነው፤ የላይኛውን ማንም አያየውም። አልጋችሁ ላይ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ወደ መጋረጃው ዘንግ አንጋጡ። ከዘንጉ በላይ ጣሪያው ላይ አንድ ረጅም ነጭ ሰንበር ታያላችሁ። ብርሃኑ ከመጋረጃው ጀርባ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ጣሪያውን ይመታል። ጣሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ፊታችሁ ይበተናል። ሰዓቱ ሲገፋ ሰንበሩ እየተንቀሳቀሰ ይሄዳል። አንዳንዴ ትራሱ ላይ ይወርዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዘንጉን ከላይ የሚከድን ሣጥን መሰል ነገር ይሠራለታል። እንጨት ሊሆን ይችላል፣ ወፍራም ካርቶንም ይሆናል። ከላይ ጣሪያውን ወይም ግድግዳውን አጥብቆ ይነካ፤ ከፊት ደግሞ ከዘንጉ ዝቅ ብሎ ይውረድ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ከዘንጉ በላይ ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ፎጣ ሙሉት። አያምርም። ተኝታችሁ ማን ያየዋል?

ለጎኖቹ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው መጋረጃው ከመስኮቱ ክፈፍ በግራም በቀኝም ቢያንስ 15 ወይም 20 ሴንቲ እንዲሰፋ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጫፉን ወደ ግድግዳው የሚመልስ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የሚታጠፍ ዓይነት። ዘንጉ ቀጥ ያለ ከሆነ የመጋረጃውን ጫፍ በቬልክሮ ወይም በማግኔት ግድግዳው ላይ ማጣበቅ ይቻላል። ሁለት መጋረጃ መሃል ላይ የሚገናኝ ከሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይደረብ። አፍ ለአፍ ገጥመው ከቆሙ መሃሉ ቀኑን ሙሉ እንደ መስመር ያበራል። ከታች ደግሞ ወለል እስኪነካ ወይም ከመስኮቱ ደፍ በደንብ አልፎ እስኪወርድ ይርዘም።

ስለ ጨርቁም አንድ ነገር ልበል፤ ከነጭራሹ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ጥቁር ቀለም ማለት ብርሃን አያሳልፍም ማለት አይደለም። የስልካችሁን መብራት አብሩና ከጨርቁ ጀርባ ለጥፉት። ብርሃኑ በክሮቹ መሃል ከታያችሁ መደበኛ ጨርቅ ነው። እውነተኛው ብላክአውት፣ ማለትም ብርሃን እንዳያሳልፍ ተብሎ የተሠራው ጨርቅ፣ ጀርባው ላይ የተቀባ ድርብርብ ሽፋን አለው፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ነጭ መሃል አንድ ጥቁር ነው። መብራቱን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። የተሰፋበትን ቦታም እዩ። መርፌ ባለፈ ቁጥር ቀዳዳ ትቶ ነው የሚያልፈው። ቀትር ላይ ስፌቱ እንደ ከዋክብት ረድፍ ይታያል። ያ ግን ትንሽ ነገር ነው፤ እንቅልፍ አትጡበት። ያለውን መጋረጃ መቀየር የማትፈልጉ ገበሩን ብቻ ብላክአውት አድርጋችሁ ከጀርባው ማሰፋት ትችላላችሁ።

አሁን መጋረጃ የማትሰቅሉ፣ ቤት የተከራያችሁ፣ ወይም ነገ ጠዋት መተኛት ያለባችሁ ሰዎች። ካርቶን ጥሩ ነው። የመስኮቱን ውስጠኛ መጠን በትክክል ለኩ፤ ካርቶኑን ከዚያ ትንሽ ትርፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ እየተጨናነቀ እንዲገባ። ጠርዙ ላይ ስስ ስፖንጅ ብትለጥፉበት ደግሞ ድፍን ይላል። ስትነሱ ታወጡታላችሁ፣ ስትተኙ ትመልሱታላችሁ። ወደ ውጭ የሚያየው ፊቱ ነጭ ወይም አብረቅራቂ ይሁን።

ብዙ ሰው አሉሚኒየም ፎይል መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ይሠራል፤ ብርሃን አያሳልፍም። ግን መስታወት ላይ የሚለጠፍ ነገር ሁሉ ጣጣ አለው። መስታወቱ ፀሐይ ሲመታው መሃሉ ይግላል፣ ክፈፉ ውስጥ የተቀበረው ጠርዙ ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። መሃሉ ሊሰፋ ይፈልጋል፣ ጠርዙ ይይዘዋል። ልዩነቱ ከበዛ መስታወቱ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ጥቁር ወረቀት ወይም ጥቁር ፕላስቲክ በቀጥታ መስታወቱ ላይ መለጠፍ በተለይ አደገኛ ነው፤ ሙቀቱን መጥጦ ይይዘዋልና። ባለ ሁለት ድርብ መስታወት ከሆነማ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ሌላው ጣጣ እርጥበት ነው። በብርድ ወቅት ከተሸፈነው መስታወት ጀርባ ውሃ ይቋጥራል፤ ለሳምንታት ካልተነሳ ሻጋታ ያመጣል። ሁልጊዜ የሚነቀል ነገር የምመርጠው ለዚህ ነው።

የሙቀት ነገር ከተነሳ፦ ፀሐይን ከመስታወቱ ውጭ ማስቆም ከመስታወቱ ውስጥ ከማስቆም በብዙ ይበልጣል። አንዴ በመስታወቱ ካለፈች በኋላ መጋረጃው ቢያግዳትም ሙቀቷ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከውጭ የሚዘጋ ሻተር ወይም የእንጨት መዝጊያ ያለው ሰው የታደለ ነው። ቀን የሚተኛ ሰው ደግሞ ሙቀት ጠላቱ ነው። ሰውነት እንቅልፍ ለመግባት ቀዝቀዝ ማለት ይፈልጋል፤ ቀትር ላይ ግን ክፍሉም ሰዓቱም በተቃራኒው እየሄዱ ነው።

አየርስ? «ሁሉን ደፍኜ ልታፈን ነው?» ትሉ ይሆናል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አየር ግን መታጠፍ ይችላል። ሁለት ሰሌዳ በመሃላቸው ጥቂት ሴንቲ ትታችሁ አንዱን ከሌላው ፊት አዛንፋችሁ ብታቆሙ አየሩ ተጠምዝዞ ይገባል፤ ብርሃኑ ይጋጫል። የሚጋጭበት ቦታ የማያብለጨልጭ ጥቁር ከሆነ እዚያው ይሞታል። ፎቶግራፍ በፊልም ያጥቡ የነበሩ ሰዎች የጨለማ ክፍላቸውን አየር የሚያስገቡት በዚህ ዘዴ ነበር።

ከደፈናችሁ በኋላ ፈትኑት። በጦርነት ጊዜ፣ በ1939 በብሪታንያ፣ የቦምብ አውሮፕላን እንዳያይ ሕዝቡ መስኮቱን ሁሉ በጥቁር ጨርቅ እንዲጋርድ ታዝዞ ነበር። ተቆጣጣሪዎች ውጭ እየዞሩ የሚያፈሰውን መስኮት ይፈልጉ ነበር። የእናንተ ግን ተቃራኒው ነው፤ ተቆጣጣሪው ውስጥ ይቁም። ቀትር ላይ ግቡ፣ በሩን ዝጉ፣ ተቀመጡ። ወዲያው አትፍረዱ። ከውጭ ስትገቡ ዓይናችሁ ስላልለመደ ሁሉም ድቅድቅ ይመስላችኋል። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አሥር ደቂቃ እንኳ ብትታገሡ ክፍሉ ቀስ በቀስ ሽንቁሩን ማሳየት ይጀምራል። በበሩ ሥር፣ በቁልፍ ቀዳዳው፣ በዘንጉ ጫፍ፣ ግድግዳው ከክፈፉ በተላቀቀበት ቦታ። እጃችሁን ከፊታችሁ ዘርጉ። ጣቶቻችሁን መቁጠር ከቻላችሁ ገና ሥራ አለ።

ምን ያህል ጨለማ ይበቃል? በ2022 የዘርፉ ባለሙያዎች ተሰብስበው ባወጡት ምክር፣ ስንተኛ ዓይናችን ዘንድ የሚደርሰው ብርሃን በተቻለ መጠን ጨለማ ቢሆን፣ ቢበዛ ግን ከ1 ሉክስ ባያልፍ ይላሉ። ልኬቱ ያ የሰውነት ሰዓት ተቀባይ በሚያየው መንገድ የተሰላ ነው፤ ለግምት ግን አንድ ሻማ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጠው ብርሃን ወደ 1 ሉክስ ነው። ሙሉ ጨረቃ ከዚያ ታንሳለች።

ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን መብራቶች በፍጥነት ልለፍ። ቻርጀር፣ ዋይፋይ፣ ቴሌቪዥን፤ ሁሉም አንዳንድ ዓይን አላቸው። ጥቁር ፕላስተር ቁራጭ ይበቃቸዋል። ስልኩ በፊቱ ይደፋ።

የዓይን መሸፈኛስ? እኔ አልንቀውም። ርካሽ ነው፣ ጉዞ ላይ ይሄዳል፣ ሌላ ሰው ክፍሉን የሚጋራ ከሆነ ደግሞ ብቸኛው መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ላይ ጎድጎድ ብሎ የተሠራውን ፈልጉ፤ ሽፋሽፍቱን አይጫንም። ችግሩ ሰው ተገላብጦ አውልቆት ይገኛል፤ አፍንጫ ሥርም ይከፈታል። ከመስኮቱ ጋር ተጨማሪ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን።

ጨለማው የሚጀምረው ደግሞ ከመኝታ ክፍሉ በር አይደለም። ጠዋት ወደ ቤት ስትመለሱ የምታገኙት ፀሐይ ለሰዓታችሁ ኃይለኛ «ነጋ» ነው። ጥቁር መነጽር ይረዳል። ግን ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ተጠንቀቁ። ዓይናችሁ እየተከደነ ከሆነ ጉዳዩ መነጽሩ አይደለም፤ አትንዱ። ስትነሱ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ። መጋረጃውን ወዲያው ግለጡት፣ ፊታችሁን ብርሃን ይምታው። ድፍን ክፍል ውስጥ የነቃ ሰው ሰዓቱ ስንት እንደሆነ አያውቅም፤ ድንዝዝ ብሎ ይቆያል። የደወል ሰዓት ግድ ነው።

አደጋ ስለሚያመጣ ነገር ሁለት ቃል። መስኮቱን በሚስማር አትምቱ፣ በማይነቀል ነገር አትግጠሙ። እሳት ቢነሳ የመኝታ ቤት መስኮት መውጫችሁ ሊሆን ይችላል። የሸፈናችሁበት ነገር በጨለማ፣ በአንድ እጅ ተስቦ የሚወርድ ይሁን። ማሞቂያ ወይም ሻማ አጠገብ ጨርቅ አይንጠልጠል። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ የመጋረጃ ገመድ የተንጠለጠለበት መስኮት ሥር አልጋ አይቀመጥ፤ ገመድ ሕፃናትን አንቆ ገድሏል።

በመጨረሻ ከተሳታፊዎች ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ።

አንዲት እህት «ባለቤቴ ቀን ይሠራል፣ እኔ አዳር ነኝ። እሱ ጠዋት ሲነሳ ብርሃን ይፈልጋል፣ እኔ ጨለማ» ብላ ጠየቀች። ቤት ውስጥ የሚነሳው ትልቁ ጸብ ይሄ ነው። ከቻላችሁ መኝታ ክፍሉ ድፍን እንዳለ ይቅር፤ እሱ ልብሱን ማታውኑ ሌላ ክፍል ያስቀምጥና እዚያ ይልበስ። ክፍል ከሌለ አልጋው ዙሪያ ብቻ የሚጋረድ ጨርቅ መስቀል ይቻላል። ክፍሉን በሙሉ ማጨለም የለባችሁም፤ የሚፈለገው የአንቺን ትራስ ማጨለም ነው።

ሌላው የጠየቀው ስለ እረፍት ቀን ነው። «አዳር በሌለኝ ቀን ምን ላድርግ? ቤተሰቤ ቀን ነው የሚኖረው።» ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚያስደስት መልስም የለውም። በየሳምንቱ ሰዓታችሁን ወዲያና ወዲህ ሙሉ ለሙሉ ማዞር ያደክማል። ተከታታይ አዳር ያለባችሁ ሰዎች ብዙዎቹ መሃል ላይ ይቆማሉ። በእረፍት ቀን እስከ ሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ድረስ አምሽተው ይተኛሉ፤ ቀትር አካባቢ ይነሳሉ። ከሰዓት በኋላውና ማታው ለቤተሰብ ይሆናል። ይህን የምትመርጡ ከሆነ የደፈናችሁት መስኮት በእረፍት ቀንም እንደተደፈነ ይቆይ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትወጣ እናንተ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁና። አንድ ሌሊት ብቻ አልፎ አልፎ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሰዓቱን ለማዞር አትድከሙ። ጠዋት ገብታችሁ በጨለማ ጥቂት ሰዓት ተኙ፣ ቀትር ላይ ተነሱና መጋረጃውን ገልጣችሁ ውጭ ውጡ፣ ማታ እንደ ሰው በጊዜ ተኙ።